ውድ ጉዞ ለምን አያረካም? ከጎንደር፣ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ውስጥ እንግዳ ማስጎብኘት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሻንጣውን ራሱ ተሸክሞ በሚኒባስ የመጣ አስጎብኝቻለሁ። አዘዞ ከአውሮፕላን ወርዶ፣ ጫማው አቧራ ሳይነካው ሆቴል የገባም አስጎብኝቻለሁ። ደጋግሜ ያየሁት ነገር ቢኖር፣ ብዙ የከፈለው ሰው ብዙ ጊዜ ከፍቶት መሄዱ ነው። ሁሉም አይደለም። ግን ቁጥሩ ቀላል አይደለም።

መጀመሪያ በኮሮና፣ ቀጥሎ በጦርነትና በጸጥታ ችግር እንግዳ ቀንሶብናል። ስለዚህ የሚመጣው እያንዳንዱ ሰው ደስ ብሎት ቢመለስ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። እንግዶች በመኪና ውስጥ፣ ቡና ላይ፣ አንዳንዴም ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ስሸኛቸው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤአለሁ። መልሱ ያነበብኩትና በዓይኔ ያየሁት ድብልቅ ነው።

ምርጥ ክፍል ይዤ፣ ምርጥ ምግብ እየበላሁ፣ በሦስተኛው ቀን ለምን ይሰለቸኛል?

የፋሲካን ዶሮ አስቡት። 55 ቀን ሁዳዴን ጾማችሁ፣ ሌሊት ከቅዳሴ ተመልሳችሁ፣ የመጀመሪያዋ ጉርሻ አፍ ስትገባ ዓይን ታስጨፍናለች። በሳምንቱ ያው ወጥ ሲቀርብ "ደግሞ ዶሮ?" ይባላል። ወጡ አልተለወጠም። እኛ ነን የለመድነው።

ድሎትም እንደዚሁ ነው። ፊሊፕ ብሪክማንና ዶናልድ ካምቤል የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ምሁራን ይህን ነገር እ.ኤ.አ. በ1971 ጽፈውበታል። ሰው ጥሩ ነገር ሲገጥመው ደስታው ከፍ ይላል። ከዚያ ይለምደዋል። ከዚያ ስሜቱ ወደነበረበት ይመለሳል። ለስላሳ አልጋ፣ ሙቅ ገንዳ፣ በር የሚከፍት ሠራተኛ፣ ሁሉም ይለመዳል። በየቀኑ አንድ ዓይነት የሆነ ነገር ደግሞ ከሁሉም ቀድሞ ይለመዳል። የውድ ሆቴል ሥራው ይኸው ነው፤ ዛሬ እንደ ትናንት እንዲሆን ማድረግ። ለዚህ ነው የምንከፍለው፤ የሚያሰለቸንም ይኸው ነው።

አንዲት እንግዳ አትረሳኝም። መስኮቱ ወደ ከተማው የሚያይ ክፍል ይዛ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ደወለችልኝ። "ና፣ እየው!" አለችኝ። ጉም ከተማውን ሸፍኖት የፋሲል ግንብ ጫፍ ብቻ ብቅ ብሏል። ሻዩዋ ሳይነካ ቀዝቅዟል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ያው ጉም ነበረ። መጋረጃው ግን አልተከፈተም። ያን ቀን ያወራችኝ ስለ ፎጣ ነው። "እንደ ትናንቱ አይለሰልስም" አለች። ፎጣውን ዳስሼ አየሁት። ያው ፎጣ ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ድሎቱን መሃል ላይ ቁረጡት። ላይፍ ኔልሰንና ቶም ሜይቪስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት፣ የሚያሽ ትራስ ላይ ከተቀመጡ ሰዎች መካከል መሃል ላይ የተቋረጠባቸው ካልተቋረጠባቸው ይበልጥ ተደስተውበታል። ሰዎቹ አስቀድመው ሲጠየቁ ግን ማቋረጡን አልፈለጉም። ጾምና ፍስክ ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ ወሬ አይደለም። ሁለት ሌሊት በውዱ ሆቴል እደሩ፣ አንድ ሌሊት ተራ አልጋ ያዙ፣ ከዚያ ተመለሱ። ፎጣው እንደገና ይለሰልሳል።

ብዙ አገር ዞሬአለሁ። ጎንደር ለምን አላስደነቀኝም?

ይህን ጥያቄ በብዛት የምሰማው ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ስንወጣ ነው።

ቤተ ክርስቲያኗን የመሠረቷት ቀዳማዊ ኢያሱ ናቸው። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥሉ እሷ ተረፈች። ያተረፏት ንቦች ናቸው ይላሉ አባቶች። ጫማ አውልቃችሁ ስትገቡና ቀና ስትሉ ጣሪያው በሙሉ የመላእክት ፊት ነው። ትልልቅ ዓይኖች፣ ክንፍ ያላቸው ራሶች፣ በረድፍ በረድፍ። ትንሽ ከቆያችሁ ሁሉም የተለያየ መሆኑን ታያላችሁ። አንዱ ወደ ቀኝ ያያል። አንዱ ያዘነ ይመስላል። እኔ ስንት ጊዜ ገብቼ፣ ዛሬም ያላየሁትን ፊት አገኛለሁ።

አንድ ጊዜ ብዙ ዓለም የዞረ ሰው ይዤ ገባሁ። ቀና አለ፣ ፎቶ አነሣ፣ "ሮም ያለው ይበልጣል" አለና ወጣ። አምስት ደቂቃ አልቆየም። ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲያስር ፊቱን አየሁት። የተከፋ ሰው ፊት ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ማድነቅ ጠፍቶበት ነው።

ጆርዲ ኳድባክ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ይህንኑ አጥንተዋል። ብዙ አገር ያየ ሰው ተራ የሚመስል ጥሩ ቦታ ሲያይ ማጣጣም ይቸግረዋል። ቦስተን ውስጥ አንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን የሚጎበኙ ሰዎችንም ፈትነዋል። "እኔ ብዙ ዞሬአለሁ" ብለው እንዲያስቡ የተደረጉት ቶሎ ወጡ። "ገና ብዙ አላየሁም" ብለው እንዲያስቡ የተደረጉት ቆዩ። ቤተ ክርስቲያኑ አንድ ነው። ልዩነቱ ይዘውት የገቡት ሐሳብ ነው።

ስለዚህ አሁን እንግዳ ሳስገባ አንድ ነገር እለምናለሁ። ስልኩን ኪስ ውስጥ አድርጉ፣ ከጣሪያው አንድ ፊት ብቻ ምረጡ፣ እሱን ብቻ እዩ። ከዚያ ስንወጣ የቱን እንደመረጣችሁ ንገሩኝ። ይህን ካደረጉት መካከል በአምስት ደቂቃ የወጣ የለም።

ብዙ ስከፍል ትንሿ ጉድለት ለምን ታናድደኛለች?

ዋጋው መለኪያ ስለሚሆን ነው። ጎንደር የውኃ ችግር አለባት። ነዋሪው ጀሪካን ይዞ ወረፋ የሚጠብቅበት ሳምንት አለ። መብራትም ይሄዳል። ርካሽ አልጋ የያዘ ወጣት ውኃ ሲጠፋ በባልዲ ይታጠብና ማታ እየሳቀ ያወራዋል። ብዙ የከፈለ ሰው ግን ያው ውኃ ሲጠፋበት የተሰደበ ያህል ይሰማዋል። ገላው ላይ ያለው ሳሙና አንድ ነው። አንዱ ታሪክ አገኘ፣ ሌላው ቂም።

ሌላም አለ። ብዙ ስንከፍል "መደሰት አለብኝ" የሚል ግዴታ ይመጣል። ሰውየው በየሰዓቱ ራሱን ይጠይቃል፤ አሁን ደስ ብሎኛል? ለዚህ ነው ይህን ሁሉ የከፈልኩት? ደስታ ደግሞ እንዲህ ሲጠይቁት ይሸሻል። ጆናታን ስኩለር፣ ዳን አሪየሊና ጆርጅ ሎዌንስታይን የፈረንጆቹን የ2000 ዓመት መባቻ በዓል ተከታትለው አጥንተዋል። ትልቅ ደስታ የጠበቁና ብዙ የተዘጋጁ ሰዎች ይበልጥ ቅር ተሰኝተው ነበር።

ከመምጣታችሁ በፊት ውኃና መብራት ሊጠፋ እንደሚችል እወቁ። አስጎብኚያችሁም ይህን ሳይደብቅ ቢነግራችሁ ጥሩ ነው። እኔ እነግራለሁ። ገበያ ያበላሻል የሚሉኝ አሉ፤ እስካሁን በዚህ ምክንያት የቀረብኝ እንግዳ የለም።

የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ ገንዘቤን የሚፈልግ ይመስለኛል። እውነት ነው?

የምታገኙት ሰው ማን እንደሆነ ቁጠሩት። ሾፌሩ ተከፍሎት ነው። እኔም ተከፍሎኝ ነው። አስተናጋጇ፣ ሻንጣ ተሸካሚው፣ ዘበኛው፣ ሁሉም ደመወዝተኛ ናቸው። በሳምንት ውስጥ ካገኛችኋቸው ሰዎች ያልተከፈለው ላይኖር ይችላል። ታዲያ ልባችሁ ቢጠረጥር ምን ይገርማል?

አርሊ ሆክሺልድ የተባሉ አሜሪካዊት የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር የአውሮፕላን አስተናጋጆችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1983 ጽፈዋል። ፈገግታም የሥራው አካል ነው። ሠራተኛው ስሜቱን እያስተካከለ ነው የሚውለው። እንግዳው ደግሞ ይህ አይጠፋውም። ከጥርስ የማያልፍ ሳቅ በየቀኑ ሲያይ ቆይቶ እውነተኛው ሳቅ ሲመጣም መለየት ያቅተዋል። ከውድ ጉዞ ጉዳቶች ይህኛው ይበልጥ ያሳዝነኛል። ሰው አገር አቋርጦ መጥቶ፣ ማንንም ሳያምን ይመለሳል።

ፋሲል ግቢን ስታዩ አጥሩን ልብ በሉ። አጼ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ከቆረቆሩ በኋላ ተከታዮቻቸውም እየጨመሩ የሠሩት ግቢ ነው። አጥሩ 900 ሜትር ያህል ይሆናል። በሮቹ ግን 12 ናቸው። የአዝማሪ በር አለ። የእምቢልታ በር አለ። የባልደራስ በር አለ። ዘፋኙም፣ ነፊውም፣ ፈረስ ያዡም መግቢያ ነበረው። በአጥር የተከበበ ንጉሥ እንኳ ሰው የሚገባበት ይህን ያህል በር ነበረው። የዛሬ እንግዳ አንድ በር አለው፤ እሱም ላይ ዘበኛ ቆሟል።

በቀን አንድ ሰዓት ብቻዬን ልሂድ በሉ። ጃንተከል ዋርካ አጠገብ ተቀመጡ። ፒያሳ ወርዳችሁ ማኪያቶ ጠጡ። መንገድ ጠይቁ፣ መንገዱን ብታውቁትም። ሰውየው እስከ ማዕዘኑ አብሯችሁ ሄዶ፣ "በሉ ደህና ዋሉ" ብሎ ሲመለስ ታያላችሁ። ምንም አልጠየቃችሁም። ያቺ ትንሽ ነገር የሳምንቱን ጥርጣሬ ታጥባለች።

ድህነት እያየሁ በድሎት መቀመጥ ይከብደኛል። ምን ላድርግ?

የሚከብዳችሁ ልብ ስላላችሁ ነው። ችግሩ ስሜቱ የሚሄድበት ቦታ ነው። አንዳንዱ የመኪናውን መስታወት ይዘጋል። ቀጥሎ "ሰነፍ ስለሆኑ ነው" ማለት ይጀምራል፤ እንዲህ ካላለ ሕሊናው አያስቀምጠውም። ሌላው ደግሞ ብር በመስኮት ይወረውራል። አንዲት እንግዳ እንዲህ ስታደርግ ልጆቹ ተሻሙ፣ ትንሹ ወድቆ ከንፈሩ ደማ። ሴትዮዋ እስከ ሆቴሏ አለቀሰች። ማታም እራት አልበላችም።

ልዩነት ዓይን ላይ ሲወድቅ ከላይ ያለውንም ያውካል። ካትሪን ደሴልስና ማይክል ኖርተን እ.ኤ.አ. በ2016 በአውሮፕላን ላይ የሚነሣ ጠብን አጥንተዋል። አንደኛ ማዕረግ ባለበት አውሮፕላን፣ ኋላ ከተቀመጡት መካከል ጠብ የመነሣቱ ዕድል ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። የሚገርመው ሌላው ነው። ተራው ተሳፋሪ በአንደኛ ማዕረጉ መሃል አልፎ እንዲገባ ሲደረግ፣ አንደኛ ማዕረግ የተቀመጡትም ይበልጥ ይቆጣሉ።

ለልጆች ብር አትስጡ። ትምህርት ያስተዋቸዋል። ከሚሠራ ሰው ግዙ። ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ወለቃ አለች፤ ቤተ እስራኤላውያን ይኖሩባት የነበረች የሸክላ ሠሪዎች መንደር። እዚያ ውረዱ። ሸክላውን እጃችሁ ላይ አድርጉ። "ስንት ቀን ፈጀ?" ብላችሁ ጠይቁ። ዋጋውን አትከራከሩ። ሰውን ቁጭ ብሎ ማናገር የሚከብደውን ነገር ያቀለዋል፤ ወርውሮ መሄድ ግን ያብሰዋል።

ከውጭ አገር መጥቼ ሆቴል አረፍኩ። ለምን በተወለድኩበት ከተማ ባዕድ ሆንኩ?

ይህን ጥያቄ ቀስ ብዬ ልመልሰው። ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳበት ነገር ነው።

ከ17 ዓመት በኋላ የመጣች ሴት አስጎብኝቻለሁ። የሚገርመው በተወለደችበት ከተማ አስጎብኚ ቀጥራለች። ሆቴሏ ጥሩ ነበር። በሁለተኛው ቀን አክስቷ ቤት ይዣት ሄድኩ። ያሳደጓት አክስት ናቸው። ቄጤማ ተጎዝጉዟል። ቡናው ተቆልቷል። የማይወጡት ብርጭቆዎች ከቁም ሣጥን ወጥተዋል። አክስትየው አቅፈው ብዙ አለቀሱ። ከዚያ ጠላ ቀዱላት። እሷ ቀስ ብላ ከቦርሳዋ የላስቲክ ውኃ አወጣችና ከፈተች።

ሐኪም መክሯት ነው። ሆዷን ፈርታ ነው። ጥፋት አይደለም። አክስትየው ግን ብርጭቆውን መልሰው ሲያስቀምጡ እጃቸውን አየሁ። "ይሁን ልጄ፣ ጤናሽ ይበልጣል" አሉ። ቀጥለው ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "አልጋውን አንጥፌልሽ ነበር" አሉ። ጓዳ ውስጥ አዲስ አንሶላ የተነጠፈበት አልጋ ነበር። የሚያድርበት ሰው አልነበረም።

መኪና ውስጥ ስንመለስ ዝም አለች። ሆቴሉ በር ላይ ስንደርስ፣ "እንግዳ ሆኜ ቀረሁ አይደል?" አለችኝ።

ሆቴሉ ያደረገው ይህንን ነው። እንግዳ ያደርጋል፤ ሥራው ነው። ለፈረንጅ ጥሩ ነው። አገሩ ለመጣ ሰው ግን እንግዳ መሆን ሕመም ነው። የገንዘቡ ነገርም ይጨመርበታል። ሆቴል ያረፈ ሰው ቤተሰብ ዓይን ውስጥ ሀብታም ነው። እሱ ምናልባት ለዚህች ሦስት ሳምንት ሁለት ዓመት ቆጥቧል፣ ተበድሮም ሊሆን ይችላል። ይህን መናገር ያፍራል። ስለዚህ ይጋብዛል፣ ይሰጣል፣ ማታ ክፍሉ ገብቶ ይደምራል፣ እንቅልፍ ያጣል። ሲመለስ ደክሞት ነው የሚመለሰው።

ሆቴል አትያዙ አልልም። የወገብ ሕመም አለ፣ ሕፃን አለ፣ የቤት ጥበት አለ። ግን ለአክስት ቀድማችሁ ራሳችሁ ደውሉ። ከሌላ ሰው አይስሙ። ምክንያቱንም ንገሯቸው። ቢያንስ አንድ ሌሊት እዚያ እደሩ። ጠላው ካልተስማማችሁ ቡናው አለ፤ ውኃው ፈልቷል። አቦሉን ብቻ ጠጥታችሁ አትነሡ፣ ቶናውንም በረካውንም ጠብቁ። ስለ ገንዘብም እውነቱን ለአንድ ለምታምኑት ዘመድ ንገሩ። ነገሩ ከዚያ በኋላ ይቀላል፤ እሱ ለሌሎቹ ያስረዳላችኋል።

ያቺ ሴት በማግስቱ ሻንጣዋን ይዛ አክስቷ ቤት ገባች። የሆቴሉን ሦስት ቀን ከፍላ ትታው። እኔንም አሰናበተችኝ፤ ደስ እያለኝ ሄድኩ።

ስለ ጉዞዬ ሳወራ ጓደኞቼ ለምን ይቀዘቅዙብኛል?

ጋስ ኩኒ፣ ዳንኤል ጊልበርትና ቲሞቲ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት ጥናት አለ። አራት አራት ሰው ሆነው ቪዲዮ አዩ። ለአንዱ በጣም ጥሩ ቪዲዮ፣ ለሦስቱ ደግሞ ተራውን ሰጡ። ከዚያ አብረው ቁጭ ብለው እንዲያወሩ አደረጓቸው። የተሻለውን ያየው ሰው በጨዋታው መሃል ብቸኝነት ተሰማው። ሦስቱ የጋራ ወሬ ነበራቸው፤ እሱ አልነበረውም።

እኛ ጋ "ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል" ይባላል። ጠንከር ያለ አባባል ነው፤ ግን ስለዚሁ ጉዳይ ነው። ለጓደኞቻችሁ የገንዳውን ስፋት ከምትነግሩ ባጃጅ የተበላሸባችሁን ቀን ንገሯቸው። ሁሉም የተበላሸ ባጃጅ ታሪክ አለው።

ፎቶ ማንሣት ይጎዳል?

ማንሣቱ አይጎዳም። ለማን እንደምታነሡ ግን ለውጥ አለው። አሊክሳንድራ ባራሽና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳሳዩት፣ ለመለጠፍ ብሎ የሚያነሣ ሰው ለራሱ ማስታወሻ ከሚያነሣው ያነሰ ይደሰታል። ሰው ምን ይለኛል የሚለው ሐሳብ መሃል ይገባል። ከጎንደር ከወጣችሁ በኋላ ለጥፉ።

ሰሜን ተራሮች ውድ ሎጅ ይዤ እንቅልፍ አጣሁ፣ ተነጫነጭኩ። ምን ሆኜ ነው?

ይህ ከስሜት በፊት የከፍታ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ተራሮቹ ላይ ያለው የሳንቃበር ማደሪያ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ አየሩ ሳሳ ይላል። እንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ ይቆራረጣል፣ ሰው ይነቃል፣ ጠዋት ራሱን ያመዋል፣ ትንሽ ነገር ያስቆጣዋል። ባልና ሚስት በሁለተኛው ቀን ሲኮራረፉ ብዙ አይቻለሁ። ያጣላቸው ተራራው ነው።

ውድ አልጋ ይህን አያድንም። መጠጥና የእንቅልፍ ኪኒን ደግሞ ትንፋሽን ስለሚያዳክሙ ያብሱታል። ጎንደር አንድ ሁለት ቀን ቆይታችሁ ውጡ፣ ቀስ ብላችሁ ሂዱ፣ ውኃ ጠጡ። ራስ ምታቱ ከበረታ፣ ማስታወክ ወይም መንገዳገድ ከመጣ ግን ውረዱ። "ለሦስት ሌሊት ከፍያለሁ" ተብሎ የሚቀመጥበት ነገር አይደለም።

ልጆቼን በድሎት ማስጎብኘቴ ይጎዳቸዋል?

ልጅ የሚያስታውሰው የነካውን ነው። ቤተሰብ ይዤ ወለቃ ስወርድ፣ ሙሉ ቀን መኪና ውስጥ ታብሌት ሲያይ የነበረ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጭቃ ሰጡት። እስከ ክርኑ ተለወሰ። ትንሽ አንበሳ ሠራ፤ አንበሳው ውሻ ይመስላል። እናቱ እርጥብ መሐረብ ይዛ ስትጠጋው አባቱ "ተይው" አላት። ልጁ አንበሳውን እስኪደርቅ ጠብቆ በካልሲው ጠቅልሎ ወሰደው። ጭላዳ ዝንጀሮም አይቷል፣ ግንቡንም አይቷል። አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ ግን የሚፈትሸው ካልሲውን ነበር።

ልጆች ከሚጎዱባቸው ነገሮች አንዱ ሠራተኛን እንደ ዕቃ ማየት መልመድ ነው። የአስተናጋጇን ስም ይጠይቁ። "አመሰግናለሁ እትዬ" ይበሉ። ይህን ከለመዱ ስዊት ውስጥ ቢያድሩም ምንም አይሆኑም።

ወደ ቤት ከተመለስኩ በኋላ ይደብረኛል። የተለመደ ነው?

በጣም የተለመደ ነው። የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች 1,530 ሰዎችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2010 ውጤቱን አውጥተዋል። ከእነዚህ 974ቱ ዕረፍት ሄደዋል። የሚሄዱት ከመሄዳቸው በፊት ካልሄዱት ይበልጥ ደስተኛ ነበሩ። ከተመለሱ በኋላ ግን ልዩነቱ ጠፋ። ትንሽ የቆየላቸው "በጣም ዘና ብዬ ነበር" ያሉት ብቻ ናቸው፤ እሱም ለጥቂት ሳምንት ነው። ዘና ማለትና መክበር ደግሞ የተለያዩ ናቸው።

ወጪው ሲከብድ ድብርቱም ይከብዳል፤ ደስታው ሲያልቅ ክፍያው ገና ይቀጥላል። ለዓመቱ ያላችሁን ሁሉ በአንድ ጉዞ አትጨርሱ። ሁለት ትንንሽ ጉዞ ብታደርጉ የመጠበቁ ደስታም ሁለት ጊዜ ይሆናል። እሑድ ማታ ገብታችሁ ሰኞ ጠዋት ሥራ አትግቡ።

ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ፣ እንቅልፍና ምግብ ከከለከላችሁ፣ ወይም መኖር ካስጠላችሁ ግን ነገሩ ከጉዞ አልፏል። ሳትዘገዩ ባለሙያ አናግሩ። እዚህ ከተማ ላላችሁ፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል።

ታዲያ ድሎት ይቅር?

አይቅር። ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናት ጥሩ አልጋ ይገባቸዋል። ጉልበቱን ያመመው ሰው መኪና ይገባዋል። ዓመቱን ሙሉ ሁለት ሥራ የሠራች ሴት ሦስት ቀን ማንም ሳይነካት ብትተኛ እሰየው። ጥያቄው የት ላይ እናስቀምጠው ነው።

እኔ መጨረሻ ላይ አስቀምጡት እላለሁ። ዳንኤል ካህነማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ሰዎችን እጃቸውን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አስከተቱ። አንዴ ለ60 ሰከንድ፣ አንዴ ደግሞ ለ60 ሰከንድና መጨረሻው ትንሽ ለብ ባለበት 30 ሰከንድ ተጨማሪ። "የቱን ትደግማላችሁ?" ሲባሉ አብዛኞቹ ረጅሙን መረጡ። ሰው የሚያስታውሰው አጨራረሱን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በደባርቅ አድርጋችሁ ሰሜን ተራሮች ውጡ። ድንኳን ውስጥ ብርድ ይምታችሁ። አቧራ ልበሱ። ከዚያ ጎንደር ተመልሳችሁ ያን ውድ ክፍል ያዙና ሙቅ ውኃ ውስጥ ግቡ። ያኔ የከፈላችሁት ብር ዋጋውን ያገኛል።

ለጥምቀት ውድ ክፍልና ከፍ ያለ መቀመጫ ይዤአለሁ። ልሰርዘው?

አትሰርዙት። ለጥምቀት ጎንደር አልጋ ማግኘት ቀልድ አይደለም። መቀመጫውን ግን ለእረፍት ብቻ ተጠቀሙበት።

ጥር 10 ከሰዓት ነጭ ልበሱና ታቦታቱ ሲወርዱ ከሕዝቡ ጋር በእግር ሂዱ። ከፒያሳ እስከ ፋሲል መዋኛ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሲደክማችሁ ማንም ዳር ላይ ቦታ ይለቅላችኋል። ማታ ሆቴላችሁ ገብታችሁ ተኙ፤ ለዚያ ነው የያዛችሁት። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ተነሥታችሁ ተመለሱ። ጥር 11 ሲነጋጋ፣ ጸሎቱ አልቆ ውኃው ሲባረክ፣ መዋኛው ዳር ካለው ሰው መሃል ቁሙ። ከላይ የተቀመጠው ሰው ጥሩ ፎቶ ያነሣል። ታች ያለው ሰው ግን የማያውቁት አዛውንት እጃቸውን ትከሻው ላይ ይጥሉበታል፣ የማያውቀው ልጅ ይረጨዋል።

ቅያሪ ልብስ ያዙ። ስልካችሁን በላስቲክ ጠቅልሉት። የምትደበቁበት ቦታ የለም፤ ውኃው ይደርሳችኋል።